ስለ አፈርና በውስጡ ስለ ተሰወረው ጨረራ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከእግሩ በታች ያለውን አፈር ያህል አምኖ የሚደገፍበት ነገር የለም። ቤቱን የሚሠራው በእርሱ ላይ፣ እህሉን የሚያገኘው ከእርሱ፣ ዘመኑ ሲፈጸምም የሚያርፈው በእርሱ ውስጥ ነው፤ ሥጋውም ራሱ ከአፈር የተበጀ መሆኑን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲማር ስለሚያድግ አፈርን እንደ ባዕድ ሳይሆን እንደ ዘመድ አድርጎ ይመለከተዋል። እንግዲህ ይህ የታመነ አፈር ዓይን የማያየውን፣ ጆሮ የማይሰማውን፣ እጅም የማይዳስሰውን ጨረራ ቀንና ሌሊት ያለ ዕረፍት የሚያፈልቅ መሆኑን፣ ከዚህም ጨረራ የተነሣ በሰው ሥጋ ላይ ጕዳት የሚደርስበት ጊዜ መኖሩን የተፈጥሮ ሊቃውንት መርምረው በነገሩን ጊዜ፣ በኅሊናችን የሚነሣው ጥያቄ የሐኪምና የመሐንዲስ ጥያቄ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም። መልካም ሆኖ በተፈጠረ ምድር ውስጥ የሚጐዳ ነገር ስለምን ተገኘ? ይህን ያወቀ ሰውስ ከእንግዲህ በምድር ላይ በምን ዐይነት ልቡና ሊቀመጥ ይገባዋል? በፍርሃት ነውን፣ በቸልታ ነውን፣ ወይስ ከሁለቱ በሚሻል በሌላ መንገድ?

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳው የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው። ክፋት በአፈሩ ባሕርይ ውስጥ የለም፤ ጕዳት የሚመጣው ከመጠን ማለፍ ነው፤ መጠንን መርምሮ ማወቅ ደግሞ አእምሮ ለተሰጠው ለሰው ልጅ ብቻ የተተወ ሥራ ስለ ሆነ፣ አፈርን መለካትና የተለካውን ለባልንጀራ መንገር ከሃይማኖት የሚያርቅ ሳይሆን ከሃይማኖት ግዴታዎች አንዱ ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ ለማስረዳት ያህል፣ በ1896 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንሪ ቤክሬል የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ የዩራኒየም ጨው በጥቁር ወረቀት በተጠቀለለ የፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ አኑሮ የፀሐይን ብርሃን ሲጠባበቅ፣ የፓሪስ ሰማይ በደመና ስለ ተሸፈነበት ሁሉንም በመሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ከጥቂት ቀን በኋላ ሰሌዳውን አውጥቶ ቢያጥበው፣ ፀሐይ ያልነካው ጨው የራሱን ምስል አጥቍሮ አትሞበት አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1898 ማሪ ኩሪና ባሏ ፒየር ኩሪ ፖሎኒየምና ራዲየም በማዕድን ድንጋይ ውስጥ መኖራቸውን ደርሰውበት አስታወቁ፤ ከእነርሱም ወዲህ የተነሡ ተመራማሪዎች ይህ ኃይል በጥቂት ብርቅ ማዕድናት ብቻ የተወሰነ አለመሆኑን፣ በአለት፣ በአሸዋ፣ በጭቃ፣ በምንጭ ውሃና በአየር ጭምር ተበትኖ የሚገኝ መሆኑን እየለኩ አሳዩ።

በአፈር ውስጥ ከሚገኙት የጨረራ ምንጮች ዋነኞቹ ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም-40 ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የአቶም ጨረራን ውጤት የሚያጠናው ሳይንሳዊ ኮሚቴ በ2000 ባወጣው መግለጫ እንደ ተመለከተው፣ ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰበው አፈር ሲመዘን መካከለኛው ልክ በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ ዩራኒየም 35፣ ቶሪየም 30፣ ፖታሲየም-40 ደግሞ 400 ቤክሬል ያህል ነው። አንድ ቤክሬል ማለት በየሰከንዱ አንድ አቶም ይፈርሳል ማለት ስለ ሆነ፣ ገበሬ በመዳፉ ዘግኖ የሚመለከተው ጭብጥ አፈር ምንም እንኳ ጸጥ ያለ ቢመስል በውስጡ ዕረፍት የለም። የሦስቱም ምንጮች ዘመን ርዝመት ኅሊናን የሚያስደነግጥ ነው፤ ከአንድ ጭብጥ ዩራኒየም እኩሌታው እስኪፈርስ ድረስ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል፣ ከቶሪየም እኩሌታው እስኪፈርስ 14 ቢሊዮን ዓመት፣ ከፖታሲየም-40 እኩሌታው እስኪፈርስ ደግሞ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ ከጓሯችን የሚፈልቀው ጨረራ ምድር ስትመሠረት አብሯት የተመሠረተ እንጂ ከሰው እጅ በኋላ የመጣ አይደለም።

እኛም ራሳችን ከዚህ ውጭ አይደለንም። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው በሥጋው ውስጥ 140 ግራም ያህል ፖታሲየም ሲኖረው፣ ያለዚያ ፖታሲየም ልብ ሊመታ፣ ጡንቻም ሊንቀሳቀስ አይችልም፤ ከእርሱም ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ክፍል ጨረራ የሚያፈልቀው ዐይነት ስለ ሆነ በእያንዳንዳችን ሥጋ ውስጥ በየሰከንዱ 4000 ያህል አቶሞች ይፈርሳሉ። ሰው ከአፈር የተገኘ መሆኑን በሃይማኖት የተቀበልነው ነገር፣ በሚዛንና በቍጥር ሲመረመርም አፈሩ የያዘውን ሁሉ በልኩ ይዞ የሚኖር መሆኑን ያስረዳናል።

ይህ ሁሉ እንዴት ይታወቃል ለሚል አንባቢ፣ የመለካቱን ሥራ በቅርብ ማየት ሥራውን ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውንም ጠባይ ያስተምራል። አፈሩ በመጀመሪያ ከሥርና ከጠጠር ይለያል፤ ውሃው ተኖ እስኪያልቅ ድረስ በ105 ወይም በ110 ዲግሪ ሙቀት በምድጃ ይደርቃል፤ ከዚያም ተደቍሶ እንደ ዱቄት በወንፊት ይነፋና ተመዝኖ በዕቃ ይሞላል፤ የዕቃውም አፍ አየር በማያስወጣ መድፈኛ ይታሸጋል። ከታሸገ በኋላ ወዲያው አይለካም፤ አራት ሳምንት ያህል ሳይነካ ይቀመጣል። ምክንያቱም ከራዲየም የሚወለደው ሬዶን የተባለው ጋዝ ከአፈሩ እየሸሸ የሚጠፋ ስለ ሆነ፣ በታሸገው ዕቃ ውስጥ ተከማችቶ እርሱና ከእርሱ የሚወለዱት ከእናታቸው ከራዲየም ጋር በልክ እስኪስተካከሉ ድረስ መጠበቅ ግድ ነው። ሬዶን ከአራት ቀን ባነሰ ጊዜ እኩሌታው የሚፈርስ በመሆኑ አራቱ ሳምንት ለዚህ ይበቃል። ይህን ትዕግሥት ያጣ ሰው የሚያገኘው ቍጥር ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል፤ ያልደረሰውንም አፈር ንጹሕ ነው ብሎ ይፈርዳል።

ከዚህ በኋላ ዕቃው ውፍረቱ ዐሥር ሳንቲ ሜትር ያህል በሆነ የእርሳስ ግንብ ውስጥ ገብቶ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘ የጀርማኒየም መሣሪያ አጠገብ ለብዙ ሰዓት ይቀመጣል። እያንዳንዱ የጨረራ ምንጭ የራሱ የሆነ የኃይል ምልክት አለው፤ ፖታሲየም-40 በ1461 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ከዩራኒየም ወገን የሚወለደው ቢስመዝ-214 በ609፣ ከቶሪየም ወገን የሚወለደው ታሊየም-208 በ2615 ላይ ይታወቃል፤ በመሣሪያውም ሠንጠረዥ ላይ እያንዳንዱ በየስፍራው እንደ ሾጣጣ ተራራ ብቅ ይላል። ነገር ግን ይህን ከማንበቡ በፊት ጠንቃቃው ሠራተኛ ባዶውን ዕቃ በዚያው ስፍራ ለዚያው ሰዓት ያህል አስቀምጦ ይለካል፤ ከግድግዳውና ከመሣሪያው የሚመጣው ጨረራ ሳይቀነስ ቢቀር፣ የቤቱን በደል በአፈሩ ላይ መጫን ይሆናልና። በሌላው ላይ ከመፍረድ በፊት የራስን ቤት መመርመር የሥነ ምግባር መጀመሪያ መሆኑን ከቅዱሳት መጻሕፍት የተማርን ሁሉ፣ ያ ትምህርት በቤተ ሙከራ ውስጥ የየቀን ሥርዓት ሆኖ ሲፈጸም በማየታችን ልንደሰት ይገባናል።

የሦስቱም ምንጮች ጕልበት እኩል ስላልሆነ፣ ሊቃውንቱ ከዩራኒየም ወገን የሚወለደውን የራዲየምን ልክ እንዳለ፣ የቶሪየምን በ1.43 አባዝተው፣ የፖታሲየምን በ0.077 አባዝተው አንድ ላይ ይደምሩታል፤ ድምሩም ከ370 ቤክሬል በኪሎ ካላለፈ ያ አፈር ወይም ድንጋይ ለቤት መሥሪያ ቢሆን ከውጭ በሚደርሰው ጨረራ በኩል አያሰጋም ይላሉ። ከዚህ በላይ የጠቀስነው መካከለኛ አፈር በዚህ ስሌት ወደ 109 ይደርሳል። ግራኒት ከጥቁር ድንጋይ፣ ማለት ከባዛልት፣ ይልቅ ዩራኒየምና ቶሪየም ስለሚበዛበት፣ የሰው ድርሻ እንደ ተቀመጠበት አለት ይለያያል።

አሁን ወደ ፊተኛው ጥያቄ ልመለስ። በመልካሙ ፍጥረት ውስጥ የሚጐዳ ነገር ስለምን ተገኘ? የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን ስለ ሰው ተፈጥሮ ሲያስተምሩ፣ ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለት ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት፣ የተገኘ መሆኑን፣ እነዚህም በጠባያቸው የሚቃረኑ ሲሆኑ በፈጣሪ ጥበብ ተስማምተው በአንድ አካል የሚኖሩ መሆናቸውን ይናገራሉ። እሳት በራሱ ክፉ አይደለም፤ መሬትም በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሥጋ የሚታወከው አንዱ ከልኩ ሲያልፍ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያም ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ባስተማረው ስብከቱ፣ የመርዝ ዕፅ ለምን ተፈጠረ እያሉ ፈጣሪን ለሚነቅፉ ሰዎች ሲመልስ፣ ለሰው ሞት የሚሆነው ዕፅ ለአንዳንድ አዕዋፍ ምግብ መሆኑን፣ ሐኪምም በልክ ሲቀምመው ለሕመምተኛ ዕንቅልፍንና ዕረፍትን የሚሰጥ መሆኑን አስረድቷል። በሌላውም ድርሳኑ እግዚአብሔር የክፉ ነገር ምንጭ አለመሆኑን፣ ክፋትም የራሱ ህላዌ የሌለው መሆኑን አስተምሯል። ከርሱ በኋላ ከዐሥራ አምስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተገኘው ጨረራ በዚህ ትምህርት ላይ አዲስ ችግር የጨመረ ሊመስል ይችላል፤ በእውነት ሲታይ ግን አዲስ ምስክር ጨመረለት።

ምክንያቱም ይህ ጨረራ ባይኖር ምድር ዛሬ የምናውቃት ምድር አትሆንም ነበር። በጃፓን አገር በካሚዮካ ተራራ ሥር ያሉ ተመራማሪዎች አቶም ሲፈርስ ተወልደው ከምድር ሆድ የሚወጡትን ኒውትሪኖ የተባሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ቈጥረው በ2011 እንዳስታወቁት፣ ከምድር ውስጥ ከሚወጣው ሙቀት እኩሌታ ያህሉ የሚገኘው ከዩራኒየምና ከቶሪየም መፍረስ ነው። ተራሮችን የሚያነሣው፣ አህጉራትን የሚያንቀሳቅሰው፣ እሳተ ገሞራንም የሚያፈነዳው ይህ የውስጥ ሙቀት ነው። ታላቁ የስምጥ ሸለቆ በመካከሏ የሚያልፍባት አገራችን ከዚህ ሙቀት በገሃድ የምትካፈል ናት፤ በኤርታ አሌ የሚፈላው ቅልጥ አለት፣ በአሉቶ ላንጋኖ ተቈፍሮ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የዋለው እንፋሎት፣ ድውያን የሚታጠቡበትም ፍል ውሃ ከዚህ ሀብት የተካፈሉ ናቸው። አንዱና ያው የአቶም መፍረስ በምድር ጥልቅ ሕይወት ያለባትን ዓለም የሚያሞቅ ሲሆን፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተከማችቶ ሲተነፈስ ሳንባን ይጐዳል። እንግዲህ መልካሙና ጎጂው የሚለዩት በስፍራና በመጠን እንጂ በባሕርይ አይደለም።

ይህን ነገር ከሁሉ ይልቅ አጕልቶ የሚያሳየን በደቡብ ሕንድ በኬራላ አገር የሚገኘው የባሕር ዳርቻ ነው። ያ አገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከሐዋርያው ቶማስ ወንጌልን ተቀበልን የሚሉት የማላንካራ ኦርቶዶክሳውያን በ1965 በአዲስ አበባ በተደረገው የኦሪየንታል ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ከእኛ ጋር አብረው የተቀመጡ እኅት ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም በትምህርት ቤቶቻችን ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩን ሕንዳውያን መካከል ብዙዎቹ የኬራላ ተወላጆች ነበሩ። ከኮላም ከተማ በስተሰሜን ባለው ዳርቻ ያለው አሸዋ ሞናዛይት የሚባለውንና ቶሪየም የሞላበትን ማዕድን ይዟል። ይህም የታወቀው በ1909 ሾምበርግ የተባለ የጀርመን ኬሚስት፣ ከዚያ አገር በመጣ የኮኮናት ልጥ ገመድ ላይ ተጣብቆ የተገኘውን አሸዋ በመረመረ ጊዜ ነው። ዓሣ አጥማጁ ሕዝብ ግን ከዚያ አስቀድሞ ለብዙ ትውልድ በዚያ አሸዋ ላይ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ሙታኑንም ቀብሮ ኖሯል።

በካሩናጋፓሊ ወረዳ ባሉት የዳርቻ ቀበሌዎች ከቤት ውጭ ያለው የጨረራ መጠን በመካከለኛው ልክ በዓመት ከ4 ሚሊግሬይ (ግሬይ የተቀበሉት የጨረራ ኃይል የሚለካበት ስፍር ነው) በላይ ሲሆን፣ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 70 ሚሊግሬይ ይደርሳል፤ ይህም በዓለም ከአፈር ከሚገኘው መካከለኛ መጠን ከመቶ ጊዜ በላይ የሚበልጥ ነው። የጤና ተመራማሪዎች የእያንዳንዱን ቤት ውስጡንና ውጩን ለክተው፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 84 ዓመት የሆኑ 69,958 ነዋሪዎችን በአማካይ ለዐሥር ዓመት ተኩል ተከታትለው በ2009 ባወጡት ጥናት 1,379 የካንሰር ሕመምተኞች አገኙ፤ ነገር ግን ከፍ ያለ ጨረራ ባለበት ቤት የሚኖሩት ዝቅ ያለ ጨረራ ካለበት ቤት ከሚኖሩት ይልቅ በካንሰር የሚታመሙ ሆነው አልተገኙም። ተመራማሪዎቹም የሚገባቸውን ትሕትና አሳይተው፣ የተከታተሉት ሰው ቍጥር ትንሽ አደጋን ለይቶ ለማሳየት ላይበቃ እንደሚችል አብረው ገለጡ። ይህን ያላየ ሰው መቶ ጊዜ የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ ሕዝቡን ከአባቶቹ ዳርቻ፣ ከመረቡና ከጸሎት ቤቱ ነቅሎ ሊያስፈልስ ቢነሣ፣ ያልታየውን ጕዳት ለማስቀረት የሚታየውን ጕዳት ባደረሰ ነበር። ልክ የሌለው ፍርሃት ርኅራኄ ቢመስልም እንኳ ግፍ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ በኬራላ ዳርቻ የተገኘው ዕረፍት ለሁሉም ስፍራ የሚሆን ዕረፍት አይደለም፤ ልክ የሌለው መዝናናትም ብዙ ነፍስ አጥፍቷልና። በ1556 በታተመው መጽሐፉ አግሪኮላ የተባለው የጀርመን ሊቅ፣ በካርፓትያ ተራሮች የማዕድን ጕድጓድ ባለበት አገር ሰባት ባል አግብተው ሰባቱንም በሳንባ ሕመም ያጡ ሴቶች እንደ ነበሩ ጽፏል። በዚያ ዘመን ቈፋሪዎቹ ብዙውን መከራ በጕድጓድ ውስጥ በሚኖሩ አጋንንት ያመካኙት ነበር። በ1879 ሁለት ሐኪሞች በጀርመን አገር በሽኔበርግ ማዕድን የሚሠሩትን ሲያጠፋ የኖረው ደዌ የሳንባ ካንሰር መሆኑን አስረዱ፤ ኋላም ምክንያቱ ከአለቱ እየወጣ በጕድጓዱ አየር ውስጥ የሚከማቸው ሬዶን መሆኑ ታወቀ። ሬዶን በሜዳ ላይ ነፋስ ይበትነዋል፤ በተዘጋ ስፍራ ግን ይከማቻል፤ ሲተነፈስም ከእርሱ የሚወለዱት ብናኞች በሳንባ ውስጥ ተጣብቀው እዚያው ይፈርሳሉ።

ይህም በጕድጓድ ውስጥ ብቻ አይደለም። በ1984 በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ አንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሠራተኛ፣ ማመንጫው ገና ኃይል መስጠት ሳይጀምር የጨረራ መቈጣጠሪያውን በር ባለፈ ቍጥር ደወሉ ይጮኽበት ጀመር፤ ቢመረመር ጨረራውን ይዞ የመጣው ከሥራው ሳይሆን ከቤቱ፣ ከቤቱም ሥር ካለው አፈር ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት በአማካይ ከሚደርሰው 2.4 ሚሊሲቨርት (ሲቨርት ጨረራ በሥጋ ላይ የሚያደርሰው ጕዳት የሚገመትበት ስፍር ነው) ጨረራ እኩሌታ ያህሉ ከሬዶን የሚመጣ መሆኑ ታውቋል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ እንደየአገሩ ከመቶ የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች ከ3 እስከ 14 የሚሆኑት ምክንያታቸው ሬዶን መሆኑን ገልጦ፣ በቤት ውስጥ ያለው መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ100 ቤክሬል እንዳይበልጥ፣ ይህ ባይቻል እንኳ ከ300 እንዳያልፍ መክሯል። ሬዶኑ ከሲጋራ ጭስ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጕዳቱ እጅግ ይበረታል። መከላከያው ግን ከማንም ዐቅም በላይ አይደለም፤ የወለሉን ስንጥቅ መድፈን፣ ከወለሉ በታች ያለውን አየር በቧንቧ ወደ ውጭ ማውጣት፣ መስኮት ከፍቶ ነፋስ ማስገባት ነው።

ከዚህ ላይ ሌላ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። ዓለም አቀፉ የጨረራ ጥበቃ ኮሚሽን እንደሚገምተው፣ አንድ ሕዝብ በነፍስ ወከፍ 1 ሲቨርት፣ ማለት 1000 ሚሊሲቨርት፣ ጨረራ ጥቂት በጥቂት ቢደርሰው፣ ከመቶው ሰው መካከል አምስት ያህሉ በዚህ ምክንያት በዕድሜያቸው ውስጥ በካንሰር ሊሞቱ ይችላሉ። ይህ ቍጥር ስለ መቶው ይናገራል፤ አምስቱ እነማን እንደሆኑ ግን አይናገርም። በአንድ ቤት፣ በአንድ አየር ከሚኖሩ ወንድማማች አንዱ ታሞ አንዱ ሲተርፍ፣ ስለምን እኔን ለሚለው ጩኸት ሒሳብ መልስ የለውም። ጻድቁ ኢዮብ በአመድ ላይ ተቀምጦ ይህንኑ ጠይቋል፤ ወዳጆቹም ኀጢአትህ ነው እያሉ ቍስሉን አበዙበት እንጂ አልጠቀሙትም። ጌታችንም በሰሊሆም ግንብ ተንዶ ስለ ሞቱት ሰዎች፣ ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች ስለ ነበሩ አለመሆኑን አስተምሯል። ስለዚህ በክርስቲያን መካከል የታመመውን ሰው ደዌ እንደ ፍርድ አድርጎ መቍጠር አይገባም፤ ስለ ጨረራ የተማርነውም ይህን ያጸናልናል፤ አቶም ሲፈርስ የሰውን ጽድቅ ወይም ኀጢአት አይመዝንምና። ማን እንደሚታመም ለማወቅ አልተሰጠንም፤ የታማሚዎቹን ቍጥር ማሳነስ ግን ተሰጥቶናል። ያልተሰጠንን ለእግዚአብሔር ትተን የተሰጠንን መሥራት ይህ ነው።

እግዚአብሔር ይጠብቀኛልና መለካት አያስፈልገኝም የሚል ሰው ቢኖር፣ እምነቱን ማክበር ይገባል፤ ነገር ግን በእርሱ ጣራ ሥር የሚተኙት ልጆቹም ጭምር እንጂ እርሱ ብቻውን እንዳልሆነ ሊታሰበው ያስፈልጋል። ሰው ለራሱ ነፍስ መታመን ይችላል፤ በባልንጀራው ሳንባ ግን መታመን አይችልም። ፍጥረት ሁሉ በልክ፣ በቍጥርና በሚዛን የተሰናዳ መሆኑን መጽሐፈ ጥበብ የሚያስተምረን ከሆነ፣ ያንን ልክ መፈለግ የፈጣሪን ሥራ እንደ መጠራጠር ሳይሆን ሥራውን እንደ ማንበብ ይቈጠራል። የሚያስፈራው መለካት አይደለም፤ ለክቶ ዝም ማለት ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ የሰዓት ገጽ በራዲየም ቀለም ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች ብሩሻቸውን በከንፈራቸው እንዲያሾሉ ታዘው መንጋጋቸው እስኪበሰብስ ድረስ ሲታመሙ፣ አሠሪዎቻቸው አደጋውን ክደው ነበር። የራዲየም ምንነት ዕውቀት በሊቃውንቱ እጅ ሳለ ለሴቶቹ አልደረሰም። ዕውቀት ለሌላው ጥቅም የተሰጠ አደራ መሆኑን የዘነጋ ጠቢብ፣ ከማያውቀው ሰው ይልቅ ዕዳው ይከብዳል።

እኛም ይህ አደራ አለብን። አለት ፈልፍለው ቤተ መቅደስ ያነጹ አባቶች ልጆች ነን፤ ዛሬም በዋሻ ዘግተው የሚጸልዩ መነኰሳት አሉን፤ በከተሞቻችንም ምድር ቤት ያላቸው፣ መስኮታቸው ጥብቅ የሆነ የሲሚንቶ ሕንፃዎች በየቀኑ ይነሣሉ። ለእነዚህ ሁሉ ማድረግ የሚገባን ነገር ግልጥ ነው፤ አፈሩንና አየሩን በትዕግሥት መለካት፣ የተገኘውን ቍጥር ሳያሳብጡና ሳያሳንሱ በሚገባ ቋንቋ ለሕዝብ መንገር፣ ከልኩ ያለፈ ስፍራ ሲገኝም ነፋስ እንዲገባበት ማድረግ ነው። ይህ ሥራ የሐኪሙ፣ የመሐንዲሱ፣ የመምህሩና የካህኑ የጋራ ሥራ መሆን አለበት፤ ሐኪሙና መሐንዲሱ ሕዝቡ ልኩን እንዲያውቅ ያደርጉታል፤ መምህሩና ካህኑ ደግሞ ያወቀው ሕዝብ እንዳይደነግጥና እንዳይዘናጋ ያጸኑታል። አፈርን የሰጠን አምላክ አእምሮንም ስለ ሰጠን፣ በአንዱ ስጦታ ላይ እየኖሩ ሁለተኛውን ስጦታ ሥራ ፈት አድርጎ ማስቀመጥ ከምስጋና አይቈጠርም። በምድር ላይ በምስጋና መኖር የሚገባን የሚመስለኝ እንዲህ ነው፤ መልካምነቷን ሳይጠራጠሩ፣ ልኳን ሳይንቁ፣ በላይዋ የሚኖረውንም ወንድም ሳይዘነጉ።